እሜቴ እንቁላል እስክትጥል

ሰኞ 3

ዛሬም ምንም የለም። ስድስት ሳምንት ሞላ። እሜቴ ጄሶው ጥግ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች፤ እንቁላል የለ፣ እጭ የለ። ሰራተኞቹን በአጉሊ መነጽር ቆጠርኳቸው፤ አርባ አንድ ናቸው። ባለፈው ወር ስልሳ ሦስት ነበሩ። ያረጁት ይሞታሉ፣ የሚተካቸው አይወለድም። በዚህ አያያዝ ቢበዛ ሁለት ወር ነው ያላቸው።

እሜቴ ማለት ንግሥቲቱ ናት። ጉንዳን አረባለሁ። ለሰው ስናገር ሁሉም ፊቱን ስለሚያጨማድድብኝ መናገር ትቻለሁ፤ ለደብተር ግን ምን አፍራለሁ። ቤታቸውንም የሰራሁት እኔው ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ድድ በጄሶ እየቀዳሁ ሰው ሰራሽ ጥርስ ስሰራ ነው የምውለው። የተረፈኝን ጄሶ ይዤ መጥቼ ክፍልና መተላለፊያ ፈለፈልኩላቸው፣ ከላይ መስታወት ገጠምኩላቸው። ከኔ ክፍል የነሱ ያምራል።

ችግሩ ብርዱ ነው። ክፍሌ አስራ አምስት ዲግሪ ነው። በስልኬ የማነባቸው ጉንዳን አርቢዎች ሁሉ አንድ ቃል ናቸው፤ ንግሥት ሃያ አምስት ካልደረሰላት አትጥልም። የሳጥኑን አንድ ጎን ብቻ አሙቂው፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ተዪው፣ ሙቀቱ ሲበዛባቸው የሚሸሹበት ይኑራቸው ይላሉ። ማሞቂያ ያለው ደግሞ አባዬ ክፍል ነው። ወንድሜ ነው የገዛለት።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለዲግሪና ለእንቁላል ቁጥር ብቻ ነው። ሌላ ነገር አልጽፍም ብያለሁ። እናያለን።

ረቡዕ 5

አዛወርኳቸው።

"አባዬ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ጉንዳኖቹን እዚህ ላስቀምጣቸው?" አልኩት በሩ ላይ ቆሜ።

"ኪራይ ይከፍላሉ?"

"እንቁላል ይከፍላሉ።"

"ይግቡ እንግዲህ። እሜቴን ግን ከግርጌዬ እንዳታደርጊያት። ወይዘሮ ናት፣ ከራስጌ ትሁን።"

ስሟንም ያወጣላት እሱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዝናቡ ማግስት ክንፍ ያላቸው ሲወጡ፣ ግቢው በር ላይ ጎንበስ ብዬ ስፈልግ በባትሪ ያበራልኝ እሱ ነበር። ያኔ ይራመዳል። ንግሥቲቱ ክንፏን ራሷ ቆርጣ ስትጥል አይቶ፣ "ጉድ እኮ ነው፤ እሜቴ ካባዋን አውልቃ ጣለች" አለ። ስሙ በዚያው ጸና።

ሳጥኑን ራስጌው ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ አንዱ ጎን ወደ ማሞቂያው፣ ሌላው ወደ ግድግዳው። 21 ዲግሪ። እንቁላል 0።

አርብ 7

23። እንቁላል 0። ሥራ በዛ። አንድ ሙሉ ጥርስ፣ ሁለት ግማሽ። ጥርስ የሚያለሰልሰው ባልደረባዬ፣ ስቆ ስለማያውቅ ፈገግታ ብለን የምንጠራው፣ "ጉንዳን ታረቢያለሽ አሉ። ምኑ ሊታለብ ነው?" አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። እንዲህ ያለ ሰው ቀልድ ሲያውቅ ያስፈራል።

እሁድ 9

ዲግሪና እንቁላል ብቻ ብዬ ነበር። ይሁን።

ድሮ ማታ ማታ የአባዬን ራት አስቀምጬ፣ መድኃኒቱን ቆጥሬ ሰጥቼው፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ክፍሌ ነበር የምገባው። ከረቡዕ ጀምሮ ግን እሜቴን ማየት ስላለብኝ ወንበር ይዤ ራስጌው እቀመጣለሁ። ጉንዳን ደግሞ በአምስት ደቂቃ የሚታይ ነገር አይደለም። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። እና አባዬ ያወራል።

ለካ ወሬ ያውቃል! ሰላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል፤ እኔ የማውቀው ላምባ ላምባ የሚሸት ጃኬቱንና ሲመጣ ሲሄድ ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ ጊዜ ሙሉ ጭነት ሽንኩርት ይዞ ጎማ ፈንድቶበት ሦስት ቀን በረሃ ላይ እንደቆመ ነገረኝ። "በሁለተኛው ቀን ሽንኩርቱ መሽተት ጀመረ፣ በሦስተኛው ቀን እኔ መሽተት ጀመርኩ። የመጣው መካኒክ ማንኛችን እንደምንሸት መለየት አቅቶት አፍንጫውን ይዞ ነው ያሰረልኝ" አለ። ሳቅኩ። ሲያስቀኝ ደግሞ ደስ ይለዋል፤ አይኑ ያስታውቅበታል።

እናቴ ስትታመምም መንገድ ላይ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አራት ወር ብቻዬን አስታመምኳት፤ እሱ ሲደርስ ሁሉ ነገር አልቋል። ይህን ያነሳሁት ወሬው አስታውሶኝ ነው። ቂም የምይዝ ሰው አይደለሁም። ቂም ብይዝ እኔ ጋ ነው እንዴ የሚኖረው?

የተቀመጥኩት ለጉንዳኖቹ ነው። 23። እንቁላል 0።

ማክሰኞ 11

በየሳምንቱ የምትመጣዋ ነርስ መጥታ ነበር። የአባዬን ደረት አዳመጠች፣ ቁርጭምጭሚቱን በጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷ የነካው ቦታ ጎድጉዶ ቀረ።

"እህቴ፣ ልባቸው ደክሟል፣ ውሃ እየቋጠሩ ነው" አለችኝ። "ክፍሉ ባይሞቅ ጥሩ ነው። መስኮቱ ይከፈት፣ አየር ያግኙ። ሙቀት ልብን ያደክማል።"

"ብርድ አይችልም እኮ።"

ወደ እሱ ዞረች። "አባባ፣ አይሞቅዎትም?"

አባዬ መጀመሪያ መደርደሪያውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። "ኧረ ይበርደኛል ልጄ" አለ።

ይኸው። ከራሱ አፍ ነው የወጣው።

ሐሙስ 13

ማሞቂያውን ወደ ሁለት ቁጥር ከፍ አደረግኩት። መስኮቱ በስንጥቁ ያስገባል፤ አሮጌ አንሶላ ቀድጄ በቢላ ጫፍ እየጠቀጠቅኩ ደፈንኩት። 26! ሰራተኞቹ ተነቃቅተዋል፣ የስኳር ውሃውን ተሻምተው ጨረሱት። ሙቀቱ የበዛባቸው ወደ ግድግዳው ጎን ሄደው ያርፋሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ብልህ ናቸው።

የአባዬ ካናቴራ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ትኩሳት መስሎኝ ግንባሩን ነካሁት።

"የሾርባው ነው" አለ።

ሾርባውን የጠጣው ከሦስት ሰዓት በፊት ነው።

ቅዳሜ 15

ጣለች! ጣለች! ጣለች!

ጓዳ ሆኜ ዕቃ ሳጥብ ሰማሁት። "አንቺ ልጅ! ነይ! ነይማ!" ከዚያ ሳል። አንድ ነገር ሆነ ብዬ እጄን ሳልጠርግ ሮጥኩ። አጉሊ መነጽሩን ይዞ፣ አንገቱን ወደ መደርደሪያው ሰብቆ፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ሳሉ አላስወራው ብሎት በጣቱ ያሳየኛል።

ሰባት። ከስኳር ቅንጣት ያነሱ፣ ነጭ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተለጠፉ። እሜቴ ከላያቸው ቆማለች። በአንድ መነጽር ሁለታችንም ለማየት ስንጋፋ ጭንቅላታችን ተጋጨ። "ቀስ በይ፣ ያለኝ አንድ ራስ ነው" አለ። እስኪያመን ሳቅን፤ እሱ ከሳቁ በኋላ ትንፋሹ አልመለስ ብሎት ብዙ ቆየ።

"መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ጻፊው" አለኝ።

ጻፍኩት። መጀመሪያ ያየው አባዬ ነው። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሚያውቀው መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም።

ማክሰኞ 18

27። እንቁላል 19።

አባዬ ተኝቶ መተኛት ትቷል። በሦስት ትራስ ተደግፎ ነው የሚያሸልበው። ካልሲው እግሩ ላይ መስመር ያወጣል። ዕድሜ ነው። ሰባ አራት ዓመት ቀላል አይደለም።

ማሞቂያውን ወደ አንድ ቁጥር ልመልሰው እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን አርቢዎቹ አጥብቀው ነው የሚያስጠነቅቁት፤ አንዴ ከጀመረች ሙቀቱ አይቀያየርባት ይላሉ። ከደነገጠች ታቆማለች፣ ሰራተኞቹም እንቁላሉን ይበሉታል። እጄን መለስኩ። እጮቹ እስኪያድጉ ብቻ ነው። እሱም አልሞቀኝም ብሏል።

ሐሙስ 20

ነርሷ ዛሬ አልሳቀችም። ክፍሉ እንደገባች ሹራቧን አወለቀች። "ነግሬሽ ነበር" አለችኝ። አባዬ "እኔ ነኝ በርዶኝ ያስሞቅኳት" ብሎ አፏን አስያዘልኝ። መድኃኒቱን በአንድ ፍሬ ጨመረችና ሄደች።

ስወጣ አከራያችን ከጎረቤት ጋር አጥሩ ሥር ቆመው ሰማኋቸው። "ክፍሉ እኮ ዳቦ ቤት ሆኗል። ሰውዬውን ጋግራ ልትበላቸው ነው እንዴ?" ሳልፍ ዝም አሉ፤ "እንደምን ዋልሽ" አሉኝ። "እግዜር ይመስገን" ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የሰው አፍ ይዘጋል እንዴ? 

እንቁላል 24። ሁለቱ ወደ እጭ ሊለወጡ ነው።

እሁድ 23

ወንድሜ መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ መስኮቱ ሄደ።

"ይሄን ማነው የጠቀጠቀው?"

"እኔ ነኝ። ብርድ እንዳይገባ።"

"ለማን?"

ዓይኔ ወደ መደርደሪያው ሄደ። እሱም አየው። ታላቄ ነው፤ ስንጣላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፣ ያ ነው የሚያናድደኝ።

"አባዬ፣ ተነስ፣ እኔ ቤት እንሂድ። ሰፊ ክፍል አለ፣ ልጆቹም አሉ።"

"እሜቴን አራስ ጥዬ የት እሄዳለሁ?" አለ አባዬ።

ወንድሜ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ወንድሜ ሲሄድ ወንበሬን ይዤ ራስጌው ተቀመጥኩና፣ "አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከሞቀህ ጉንዳኖቹን አሁኑኑ ወደ ክፍሌ እመልሳቸዋለሁ" አልኩት።

"ማነው ሞቀኝ ያለሽ?" አለ ወዲያው፣ ቃሌን ሳልጨርስ። "ቁጭ በይ። የድልድዩን ነገር ነግሬሻለሁ?"

አልነገረኝም ነበር። ነገረኝ። ድልድይ ተሰብሮ ወንዝ ዳር ስምንት መኪና ተሰልፎ ሲያድር ሹፌሮቹ በየተራ የዘፈኑትን ዘፈን ጭምር ነው የነገረኝ፤ ግማሹን በትንፋሽ ማጣት እየዘለለው።

አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሁለተኛ አልጠየቅኩም። ይህንንም መጻፍ ያለብኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ 25

መብራት ትናንት ማታ እንደሄደ አልመጣም። 20። ከዚያ 19። ሰራተኞቹ እንቁላሉን አፋቸው ውስጥ ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ የሚያስቀምጡበት ጠፍቷቸዋል። እንቁላል 31፣ እጭ 4። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት።

አባዬ ትናንት ሌሊት ደህና ተኛ። ገርሞኛል። በአንድ ትራስ።

ረቡዕ 26፣ ጠዋት

17። መብራት የለም። ሁለት ሰራተኞች እንቁላል ሲበሉ አየሁ። የላምባ ምድጃውን አባዬ ክፍል አስገብቼ ለኮስኩት። ለግማሽ ሰዓት ብቻ። ረፍዶብኛል። አከራያችን ገብተው እንዲያጠፉት እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ 27

የትናንቱን ልጻፍ።

አከራያችን ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ ነው የላምባው ሽታ የደረሳቸው። በሩን ሲከፍቱ አባዬን ግማሽ አካሉ ከአልጋው ወርዶ፣ እጁ ወደ መስኮቱ ተዘርግቶ አገኙት። መስኮቱ አይከፈትም፤ ጠቅጥቄዋለሁ። በመጥረጊያ እንጨት መስታወቱን ሰብረው ነው አየር ያስገቡለት። ስልክ ሲደወልልኝ ጥርስ በሰም ላይ እየደረደርኩ ነበር። ፈገግታ ነው የሥራ ጋውኔን አስወልቆ ታክሲ ውስጥ ያስገባኝ። ሆስፒታሉ በር ድረስ አብሮኝ መጥቶ ሲመለስ "አይዞሽ" አለኝ።

ሆስፒታል ሐኪሙ፣ "ማነው እንዲህ ዘግቶ ምድጃ ያስገባው?" ሲል ወንድሜ ቀድሞኝ፣ "ብርድ ስለነበር ነው፣ ሁላችንም ነን" አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንትና ለሁሉም "ለአከራያችን ነግሬያቸው ነበር" እያልኩ ነው የዋልኩት። እሳቸው "ኧረ አልነገርሽኝም ልጄ" ይላሉ። እውነቱ እሳቸው ያሉት ነው። በራቸው ላይ ደርሼ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፣ ረፈደብኝ ብዬ ሮጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያልኩት ሦስት ሰዓት ሆነ።

ጉንዳኖቹ ምንም አልሆኑም። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ቅዳሜ 29

ተርፏል። ነገር ግን ሐኪሙ ወንድሜን ለብቻው ጠርቶ ልቡ ከዚህ በኋላ ብዙ እንደማይሄድ ነግሮታል። ሳምንታት ቢሆን ነው አለው። ወንድሜ ይህን የነገረኝ ደረጃው ላይ ቆመን ነው፣ ሰው እየገፋን እያለፈ።

የዋርዱ ነርስ ብርድ ልብስ ይዤ ስገባ ሳቀችብኝ። "ለእሳቸው ነው? ይሄ አባባ እኮ አንሶላ እንኳ አይፈልጉም። መስኮት ካልተከፈተ አልተኛም ብለው ከጎን ታማሚው ጋር ተጣልተዋል።"

"ቤት ይበርደው ነበር" አልኳት።

ይበርደው ነበር። ራሱ ነው ያለኝ። ደጋግሞ ነው ያለኝ።

ሰኞ 1

ከሆስፒታል በቀጥታ ወንድሜ ቤት ወሰዱት። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ምን ብለው ይጠይቁኝ? ጥርሱን፣ ምላጩን፣ ሁለት ካናቴራውን በፌስታል አድርጌ ሰጠኋቸው። ጥርሱን የሰራሁለት እኔ ነኝ፤ የዛሬ አምስት ዓመት። የላይኛው ትንሽ ይላወሳል፣ አስተካክልልሃለሁ ስለው ነበር የኖርኩት።

ክፍሉ ባዶ ነው። በተሰበረው መስታወት ቦታ ካርቶን ለጥፌያለሁ። መብራት መጥቷል። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሜቴን ለማየት ሞከርኩ፤ አስር ደቂቃ አልቆየሁም።

ረቡዕ 3

ማሞቂያውን አጠፋሁት። ሳጥኑን ወደ ክፍሌ መለስኩት።

16። ማታ ሳየው እንቁላሎቹ ጎድለዋል። አንዷ ሰራተኛ አንዱን ይዛ ስትበላ አየኋት፤ ቀስ ብላ፣ ቸኩላ አይደለም። እጮቹንም ጨርሰዋቸዋል። እሜቴ አጠገባቸው ቆማ ታያለች። ቁጥር አልጽፍም።

እሁድ 7

ሄድኩ። ስድስት ቀን ሙሉ ዛሬ ነገ ስል ቆይቼ ዛሬ ሄድኩ።

የወንድሜ ሚስት በሩን ከፍታ አቅፋ ሳመችኝ፤ ምንም አላለችኝም። የአባዬ ክፍል መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መጋረጃው ይውለበለባል። ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። እሱ በካናቴራ ነው። ከስቷል፣ ትንፋሹ ግን ከኔ ቤት የተሻለ ነው። ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

 ለካ መደርደሪያው ላይ የሚታይ ነገር ከሌለ እኔና እሱ የት እንደምናይ አናውቅም። ግድግዳውን አየሁ። እጄን አየሁ፤ ጥፍሬ ሥር ጄሶ አለ።

"እሜቴስ?" አለ።

"ደህና ናት።"

"ስንት ደረሱ?"

ስመጣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ አርባ እለዋለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። "በሏቸው" አልኩት። "ማሞቂያውን አጥፍቼው ሰራተኞቹ በሏቸው።"

"አዬ! ለምን አጠፋሽው?"

"አንተ የለህማ። ማን ይበርደዋል?"

"እኔ መቼ በርዶኝ ያውቃል?" አለ።

ቀና ብዬ አየሁት። እየቀለደ መስሎኝ ነበር።

"ሞቆኝ ነበራ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። የተቀቀለ ድንች ሆኜ ነው የከረምኩት።"

"አባዬ! ጠይቄህ ነበር እኮ!"

"ጠይቀሽኛል። አልዋሽሽም፣ ጠይቀሽኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ልትሞት ነበር እኮ! በኔ እጅ ልትሞት ነበር!"

"ብነግርሽ ጉንዳኖችሽን ይዘሽ ወደ ክፍልሽ ነበራ የምትገቢው። ደግሞ ሰሃኑን አስቀምጠሽ በሩን ገርበብ።" በእጁ በር ሲዘጋ አሳየኝ። አልተቆጣም። ሽንኩርቱን ሲያወራ የነበረው ድምፅ ነው። "እኔም ያለኝ ወሬ ብዙ ነው። ለማን አውርቼው ልሂድ?"

ማልቀስ ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። እጁን መያዝ ፈለግኩ፤ እሱም አልመጣልኝም። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፣ እዚያው፣ ከጉልበቴ አንድ ክንድ አይርቅም።

"አሁንስ?" አለ ቆይቶ። "እሜቴ እንቁላል ከሌላት በምን ምክንያት ትመጫለሽ?"

"ነገ እመጣለሁ።"

"ነገ ሥራ አለሽ።"

"ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ።"

"እሺ" አለ። እሺ ያለው እንዳይከፋኝ ነው።

አሁን ቤት ነኝ። እንባው አሁን መጣ። ሰው በገዛ አባቱ ክፍል ለመቀመጥ ጉንዳን ያስፈልገዋል እንዴ? ያስፈልገው ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ስሸሸው እኮ አንድ ቀን ጠርቶኝ አያውቅም፤ የጠራኝ በዚህ መንገድ ነው፣ እኔ ደግሞ ዲግሪ እየቆጠርኩ ነበር።

ሰኞ 8

አልሄድኩም። ለነገ ጠዋት የሚደርስ ሙሉ ጥርስ ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆነ የጨረስኩት። ይተኛል በዚህ ሰዓት።

ማክሰኞ 9

አልሄድኩም። ሄጄስ ምን እለዋለሁ? ይቅርታ? በኛ ቤት ይቅርታ ተብሎ አይታወቅም። ባዶ እጄን፣ ባዶ አፌን ገብቼ እንደገና ግድግዳ ላይ? ታክሲ መያዣው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ረቡዕ 10

ማሞቂያውን ከአባዬ ክፍል አምጥቼ እኔ ክፍል ሰካሁት። ሁለት ቁጥር። መስኮቴን ደፈንኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው 26 ገባ።

አሰብኩበት። እሜቴ እንደገና ከጣለች ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በታክሲ ይዤለት እሄዳለሁ። ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ አስቀምጣታለሁ፤ ለእሱ ቀዝቃዛው ጎን፣ ለእሷ ሞቃቱ። መነጽሩንም እይዛለሁ፤ መጀመሪያ እሱ ይይ። አንድ እንቁላል ይበቃኛል። አንድ ነገር ይዤ ልግባ።

ሐሙስ 11

27። እንቁላል 0።

የወንድሜ ሚስት ደወለች። "ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠየቀሽ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንቺ እየመሰልሽው ቀና ይላል።" "ቅዳሜ እመጣለሁ በይው" አልኳት። "ቅዳሜ?" አለች። 

ሥራ ቦታ ፈገግታ "ምን ሆነሻል?" አለኝ፤ ነገርኩት። እንቁላሉን እየጠበቅኩ እንደሆነም ነገርኩት። የያዘውን ጥርስ አስቀመጠ። "እንቁላሉ የሚያስፈልገው ለእሳቸው ነው ወይስ ላንቺ?" አለኝ። "ዝም ብለሽ ሂጂ እንጂ፣ ሴትዮ።"

እሱ ምን አለበት። ጥርስ እንደማለስለስ ቀላል መሰለው።

አርብ 12

27። እንቁላል 0። ሆዷ ግን አብጧል፣ መስመሮቹ ተለጥጠዋል፤ ባለፈው ጊዜም ሊወጣ ሲል እንዲህ ነበር። ዛሬ ሌሊት ወይም ነገ ጠዋት ትጥላለች። ነገ ደግሞ ሥራ የለም። ጥሩ ነው። ለእሱ የምነግረውንም አስቤያለሁ፤ ስለ እናቴ የመጨረሻ ወር እነግረዋለሁ፣ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ነግሬው አላውቅም። ሳጥኑ ላይ እያየን ከሆነ መናገር አያቅተኝም።

ካፖርቴን በር ላይ ሰቅያለሁ። መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ከትቻለሁ።

ቅዳሜ 13

ወንድሜ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ደወለ። ሌሊት ነው ያረፈው፣ መስኮቱ እንደተከፈተ፣ ማንም ሳይነቃ። "ነይ" አለኝ። ሌላ ነገር አላለኝም።

ማሞቂያውን ነቀልኩት። ሳጥኑን አላየሁም፤ ጥላ እንደሆነ ወይም እንዳልጣለች አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ጫማዬን አስሬ፣ ቆሜ ነው ይህን የምጽፈው። አሁን እሄዳለሁ። ዛሬ ማንም በምን ምክንያት መጣሽ አይለኝም።